የባቡር ድርጅት የጽሕፈት ሥራ ሲመረጥ፦ መስኮት፣ ጭነት፣ ምደባ ወይስ ደመወዝ ክፍል?

ሁለት የቅጥር ደብዳቤ ይዞ ምክር የሚጠይቀኝ ሰው ጣቱን መጀመሪያ የሚያሳርፈው ደመወዙ ላይ ነው። እኔ ደግሞ «የፈረቃ ፕሮግራሙስ የታለ?» እላለሁ። አብዛኛውን ጊዜ አልያዘውም፤ መጠየቅ እንደሚቻልም አላሰበም። ደብዳቤው የሚከፈላችሁን ይነግራችኋል። ለስንት ሰዓት፣ በየትኛው ሰዓት፣ ስንት ጊዜ ከእንቅልፍ ተነሥታችሁ እንደሚከፈላችሁ የሚነግራችሁ ግን ፕሮግራሙ ነው።

የባቡር ሠራተኛ ሲባል ለሰው ትዝ የሚለው ነጂው፣ ትኬት ተቆጣጣሪው ወይም ሐዲድ ጠጋኙ ነው። ከወረቀትና ከኮምፒውተር ጋር የሚውለው ብዙም አይታይም፤ ሥራውም ጅምላውን «የቢሮ ሥራ» ተብሎ ይታለፋል። ገብቶ ለሚያየው ግን አራት የማይመሳሰሉ ኑሮዎች ናቸው፦ ትኬት መስኮት፣ የጭነት ሰነድ ክፍል፣ የሠራተኛ ምደባ ክፍል፣ እንዲሁም የደመወዝና የሰው ኃይል ክፍል ከነመዝገብ ቤቱ። እኔ ሦስት ዓመት መስኮት ላይ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ምደባ ክፍል ስለቆየሁ ሚዛኔ ወደዚያ ሊያደላ ይችላል። አስቀድሜ ልናገር ብዬ ነው።

መጀመሪያ ሰዓቱን አስሉ

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። መስኮት ላይ የሳምንት መሠረታዊ ደመወዙ 100 ነው፤ በየትኛውም ገንዘብ ይሁን። በዚያ ላይ የሌሊትና የበዓል አበል ተደምሮ 20 ይጨመራል፤ 120 ሆነ። ደመወዝ ክፍል ያለው ቦታ ደግሞ 110 ይከፍላል፤ አበል የለውም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሒሳቡን ዘግቶ መስኮቱን ይመርጣል።

የመስኮቱ ሥራ ስድስት ቀን በስምንት ሰዓት፣ ማለትም በሳምንት 48 ሰዓት ተብሎ ተጽፏል። ነገር ግን መስኮቱ ከመከፈቱ በፊት መነሻ ገንዘቡን ቆጥሮ መረከብ አለ፤ 20 ደቂቃ። ከተዘጋ በኋላ ገንዘቡን ከተሸጠው ትኬት ጋር ማመሳከር፣ ቅጹን መሙላት፣ ለካዝና ማስረከብ አለ፤ 40 ደቂቃ። በቀን አንድ ሰዓት፣ በሳምንት ስድስት። 120ን ለ54 ስታካፍሉት በሰዓት 2.22 ይመጣል። ደመወዝ ክፍሉ አምስት ቀን በስምንት ሰዓት ከሆነ 110 ለ40 ሲካፈል 2.75 ነው። «ትልቁ» ደመወዝ ትንሹ ሆኖ ተገኘ።

ያቺ ያልተጻፈች ስድስት ሰዓት እንደ ትርፍ ሰዓት ተቆጥራ በሩብ ጭማሪ ብትከፈል የመስኮቱ ገቢ ወደ 135.6 ከፍ ይላል፤ በሰዓት 2.51 ይሆናል። ልዩነቱ ጠበበ። ስለዚህ መስኮት ሥራ ለሚቀርብለት ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ «ርክክብ በሥራ ሰዓት ይቆጠራል ወይ?» የሚለው ነው። መልሱ ከአንድ እርከን የደመወዝ ጭማሪ ሊበልጥ ይችላል።

ሩብ ያልኩት ከኪሴ አይደለም። የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1919 (ዓመቶቹን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ) ያወጣው ስምምነት ቁጥር 1 በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ብሎ ወስኗል፤ ሰውና ዕቃ በሐዲድ ማጓጓዝንም በስሙ ጠርቶ አካቷል። ስምምነቱ ከመደበኛው ሰዓት በላይ እንዲሠራ ለሚፈቅድባቸው ለየት ያሉ ሁኔታዎች ክፍያው ቢያንስ አንድ ከሩብ እንዲሆን ያዛል። ይህ ዝቅተኛው ወለል ነው፤ የአገሩ ሕግ ወይም የኅብረት ስምምነቱ ከዚያ በላይ ሊሄድ ይችላል። የፈረቃ ሥራ ላይ ደግሞ አንድ ልብ የማይባል ነገር አለ፦ በሦስት ሳምንት ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ውስጥ አማካዩ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እስካልበለጠ ድረስ አንዱ ቀን ወይም አንዱ ሳምንት ሊረዝም ይችላል። ስለዚህ የአንድ ሳምንት ፕሮግራም ብቻ ቢያሳዩአችሁ አትርኩ። የሦስቱን ሳምንት ጠይቁ። ቀላሉ ሳምንት የትኛው እንደሆነ የሚያሳየው ሰው ያውቀዋል።

ጡረታውንም በዚሁ አንጻር እዩት። የጡረታ መዋጮ በብዙ ቦታ የሚሰላው በመሠረታዊ ደመወዝ ላይ ነው፤ የሌሊት አበል አይገባበትም። መስኮት ላይ 120 እያገኘ የኖረ ሰው ጡረታው በ100 ይታሰባል፤ ደመወዝ ክፍል 110 ያገኘው ደግሞ በ110። የዓመት ፈቃድ ላይ ሲወጡም ብዙውን ጊዜ እንዲሁ ነው፤ አበሉ ቢሮ ይቀራል።

ትኬት መስኮት

ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት የለም። ታሪፉን፣ መስመሩን፣ የጣቢያዎቹን ቅደም ተከተል፣ የሰውን ጠባይ በስድስት ወር ታውቃላችሁ። ችግሩ የገንዘብ ኃላፊነቱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ ቶማስ ኤድመንድሰን የሚባል የጣቢያ ኃላፊ እያንዳንዱን ትኬት በእጅ መጻፍ ሲሰለቸው ቁጥር የታተመባቸውን ትናንሽ የካርቶን ትኬቶች ፈጠረ። ሰው ሁሉ የሚያወራለት ለተሳፋሪው ስላመጣው ፍጥነት ነው። ለጸሐፊው ያመጣው ግን ሌላ ነገር ነበር፦ ማታ ላይ ከሳጥኑ ግርጌ ያለውን ቁጥር ከጠዋቱ ቁጥር ጋር በማስተያየት ስንት ትኬት እንደተሸጠ፣ ስንት ገንዘብ መኖር እንዳለበት በቅጽበት ይታወቃል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የጎደለ ገንዘብ ባለቤት አለው። የብሪታንያ ባቡር ያንን ካርቶን እስከ 1990 ድረስ ተጠቅሞበታል፤ ዛሬ ኮምፒውተሩ የሚያትመው የፈረቃ መዝጊያ ሪፖርትም ያው የኤድመንድሰን ሐሳብ ነው።

እኔም በመጀመሪያው ዓመቴ ደርሶብኛል። ባቡሩ ሊነሣ አራት ደቂቃ ሲቀረው ሰልፉ ተጋፋ፤ ለአንዱ የደርሶ መልስ ትኬት ቆርጬ የመሄጃ ብቻ ሒሳብ ተቀበልኩ። ማታ ሲቆጠር ጎደለ፤ በወሩ መጨረሻ ከደመወዜ ተቀነሰ። አልተከራከርኩም፤ ጥፋቴ ነበርና። ዘግይቶ የገባኝ ግን ማንም ያስፈረመኝ ወረቀት እንዳልነበረ፣ ደንብም ተነብቦልኝ እንደማያውቅ ነው። የዚያው ዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት የ1949ኙ የደመወዝ ጥበቃ ስምምነት ቁጥር 95 ከደመወዝ ላይ መቀነስ የሚቻለው በአገሩ ሕግ፣ በኅብረት ስምምነት ወይም በግልግል ውሳኔ በተወሰነው መንገድና ልክ ብቻ እንደሆነ ይደነግጋል፤ ሠራተኛውም ይህን አስቀድሞ እንዲያውቅ ያዛል። አለቃ በቃሉ «ቁረጡበት» ስላለ አይቆረጥም። መስኮት ስትቀጠሩ ሦስት ነገር በጽሑፍ ጠይቁ፦ የጉድለት መሸፈኛ አበል አለ ወይ፣ በወር ሊቆረጥ የሚችለው ከፍተኛው ስንት ነው፣ ሳጥኑን ከእኔ ሌላ የሚከፍት ሰው አለ ወይ። ሦስተኛው ትንሽ ይመስላል። ምሳ ስትወጡ ሌላ ሰው በእናንተ ሳጥንና በእናንተ የይለፍ ቃል ከሸጠ ግን ማታ የሚጎድለው በስማችሁ ነው።

የመስኮት ሌላው ጥያቄ ዕድሜው ነው። ቻይና ውስጥ 12306 የሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ከ2011 ጀምሮ ትኬት በኢንተርኔት መሸጥ ከያዘ ወዲህ የሰልፉ ነገር ተለውጧል። በእንግሊዝ የባቡር ኩባንያዎች በ2023 አብዛኞቹን የትኬት ቢሮዎች ለመዝጋት ዕቅድ አቀረቡ፤ ወደ 750,000 የሚጠጋ የሕዝብ አስተያየት ጎረፈና በዚያው ዓመት ጥቅምት ውስጥ መንግሥት ዕቅዱ እንዲቀር አደረገ። ከዚህ ሁለት ነገር እወስዳለሁ። ሕዝቡ መስኮት ላይ የሚያነጋግረው ሰው ይፈልጋል፤ አሠሪው ደግሞ ያንን ሰው ከመስታወቱ ጀርባ አውጥቶ መተላለፊያው ላይ ማቆም ይፈልጋል። ስለዚህ የምትፈርሙት የሥራ መደብ «ትኬት ሻጭ» ነው ወይስ «የመንገደኞች አገልግሎት ሠራተኛ»? ሁለተኛው ከሆነ ቀኑን ሙሉ መቆም፣ ማሽን ማስተካከል፣ አካል ጉዳተኛ መርዳት አብሮ ይመጣል። ክፉ ሥራ አይደለም። የቢሮ ሥራ ግን አይደለም፤ ጉልበትና ወገብ ይጠይቃል።

የጭነት ሰነድ ክፍል

ብዙ ሰው ይንቀዋል። ከጣቢያው ራቅ ብሎ ከጭነት ግቢው አጠገብ ነው፤ አቧራ አለው፣ የፉርጎ መጋጨት ድምፅ አለው፣ ተሳፋሪ የለውም። እኔ ግን ጥንቁቅ ለሆነና ሰው መሐል መዋል ለማይወድ ሰው ከአራቱ ይህን አስቀድማለሁ።

ሥራው የጭነት ሰነድ ማዘጋጀት ነው፦ ላኪ፣ ተቀባይ፣ የዕቃው ዓይነት፣ ክብደት፣ የፉርጎ ቁጥር፣ ክፍያውን ማን እንደሚከፍል። ስሕተቱ የሚያስከትለው ነገር ግን ከመስኮቱ በጣም ይለያል። መስኮት ላይ የጎደለ ገንዘብ ማታውኑ ይታወቃል። እዚህ የተሳሳተ ሰነድ ከሦስት ቀን በኋላ በሌላ ጣቢያ፣ ባለቤት የሌለው ፉርጎ ሆኖ ቆሞ ይገኛል፤ የመቆያ ክፍያውም በየቀኑ ይቆጥራል።

የፉርጎ ቁጥሩን እንኳ እንመልከት። በዓለም አቀፉ የባቡር ኅብረት አሠራር ቁጥሩ 12 አሃዝ አለው፤ የመጨረሻዋ አሃዝ መቆጣጠሪያ ናት። የቀሩትን 11 አሃዞች ከግራ ጀምራችሁ አንዱን በ2፣ ቀጣዩን በ1፣ እንደገና አንዱን በ2 እያባዛችሁ ትሄዳላችሁ። ውጤቱ ባለ ሁለት አሃዝ ከሆነ አሃዞቹን ትደምራላችሁ፤ 16 ቢመጣ 1 እና 6፣ 7 ይሆናል። ጠቅላላ ድምሩ 51 ከሆነ እስከ 60 የሚጎድለው 9 ነው፤ የመጨረሻዋ አሃዝ 9 መሆን አለባት። ሁለት ጎረቤት አሃዞች ቦታ ቢለዋወጡ ስሌቱ ወዲያው ይይዘዋል፤ 0 እና 9 ሲለዋወጡ ብቻ ያመልጠዋል። ዛሬ ኮምፒውተሩ ይሠራዋል። ይሁንና ግቢ ወርዳችሁ በባትሪ ብርሃን ከቆሸሸ ብረት ላይ ቁጥር ስታነቡ አሃዙን በቃል ማስላት የሚችል ሰው ሁለት ጊዜ አይመላለስም።

አደገኛ ዕቃ ሲኖር ጉዳዩ ይጠነክራል። የተባበሩት መንግሥታት መለያ ቁጥር 1203 ቤንዚን ነው፤ 1202 ናፍጣ። በሰነዱ ላይ የአንድ አሃዝ ልዩነት ናት፤ አደጋ ቢደርስ ግን የእሳት አደጋ ሠራተኛው የሚዘጋጀው በጻፋችሁት ቁጥር ነው። በዚህ ምክንያት ነው ደመወዝ ስትደራደሩ «የአደገኛ ዕቃ ሥልጠና በማን ወጪ ነው፣ የምስክር ወረቀቱስ በእኔ ስም ይወጣል ወይ?» ብላችሁ የምትጠይቁት። በስማችሁ የወጣ የምስክር ወረቀት ሥራ ብትለቁም አብሯችሁ ይሄዳል፤ የመርከብ ወኪሉም፣ የጉምሩክ አስተላላፊውም፣ የመጋዘን ድርጅቱም ይፈልገዋል። ከአራቱ ክፍሎች ውስጥ ከባቡር ውጭ ባለው ገበያ በቀላሉ የሚሸጠው ሙያ ይህ ይመስለኛል።

ፈረቃው እንደ ግቢው ነው። ጭነት ሌሊት የሚንቀሳቀስበት መስመር ከሆነ ሌሊት ትሠራላችሁ። ቀን ብቻ ከሆነ ደግሞ ከሁሉም የተረጋጋ ኑሮ ነው።

የሠራተኛ ምደባ ክፍል

ነጂውን፣ ረዳቱን፣ ተቆጣጣሪውን ከባቡሩ ጋር የሚያገናኘው ክፍል ይህ ነው። ነገ ማለዳ የሚነሣውን ባቡር ማን ይነዳዋል? የታመመውን ማን ይተካል? ባቡሩ አራት ሰዓት ቢዘገይ ነጂው የሚፈቀድለትን ሰዓት መንገድ ላይ ይጨርሳል ወይ? ይህን ሁሉ የሚያስበው አንድ ጸሐፊ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ብቻውን፣ ሌሊት፣ ሁለት ስልክ ይዞ።

በአሜሪካ ሕግ የባቡር ላይ ሠራተኛ በአንድ ጊዜ ከ12 ሰዓት በላይ ሥራ ላይ መቆየት አይችልም፤ ከዚያም 10 ሰዓት ያልተቆራረጠ ዕረፍት ያገኛል። በዚያ ዕረፍት ውስጥ ድርጅቱ እንቅልፉን ሊያቋርጥበት በሚችል መንገድ ስልክ እንኳ መደወል አይፈቀድለትም። ነገሩን ከጸሐፊው ወንበር ላይ ሆናችሁ አስቡት። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ነጂ ጎድሎባችኋል፤ አለቃ «እገሌን ቀስቅሰው» ይላል፤ እገሌ ዕረፍቱን ሊጨርስ አንድ ሰዓት ይቀረዋል። ብትደውሉ ሕጉን የጣሰው የእናንተ ጥሪ ነው። ባትደውሉ ባቡሩ ይቆማል። ይህን ውሳኔ የሚሸከም ሰው ከተራ ጸሐፊ እርከን ላይ መቀመጥ የለበትም፤ ግን በብዙ ቦታ እዚያው ነው። ምደባ ክፍል ስትቀጠሩ የምትከራከሩት በአበሉ ላይ ሳይሆን በእርከኑ ላይ ይሁን። አበል በአንድ ደብዳቤ ይነሣል፤ እርከን ግን በዋዛ አይነካም።

የዚህ ክፍል ምጸት የሌላውን ዕረፍት የሚጠብቀው ሰው የራሱን የሚጠብቅለት ማጣቱ ነው። የነጂ የሥራ ሰዓት በደኅንነት ሕግ ይታሰራል፤ የጸሐፊው ብዙ ጊዜ አይታሰርም። ይህ የቆየ ነገር ነው። አሜሪካ በ1916 ያወጣችው የአዳምሰን ሕግ የስምንት ሰዓት ቀንን ለባቡር ሠራተኞች አመጣ ይባላል፤ ሲነበብ ግን የሚመለከተው ባቡር በማንቀሳቀስ ላይ የተሰማሩትን ነው። ጸሐፊዎቹ አልተነኩም። «የባቡር ሠራተኞች ይህን አገኙ» የሚል ዜና ስትሰሙ እናንተን ይጨምር እንደሆነ የምትጠይቁት ስለዚህ ነው። በብሪታንያ ጸሐፊዎች በ1897 ለብቻቸው ማኅበር ያቋቋሙት፣ በአሜሪካም በ1899 እንዲሁ ያደረጉት ያለ ምክንያት አልነበረም።

የሌሊቱ ጉዳይ ደግሞ የጤና ጉዳይ ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የሌሊት ፈረቃ ሥራን በ2007፣ ዳግመኛም በ2019 ገምግሞ ካንሰር ሳያመጡ አይቀሩም ተብለው በሚታሰቡት ቡድን 2ኤ ውስጥ አስቀምጦታል። የ1990 የሌሊት ሥራ ስምምነት ቁጥር 171 ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ያለውን ጊዜ የሚጨምርና ቢያንስ ሰባት ተከታታይ ሰዓት የሚቆይ ሥራን የሌሊት ሥራ ይለዋል፤ የሌሊት ሠራተኛ ሲጠይቅ ነጻ የጤና ምርመራ እንዲያገኝም ይደነግጋል። ድርጅታችሁ ምርመራውን ይሰጥ እንደሆነ ጠይቁ።

ፕሮግራሙ እጃችሁ ሲገባ ሁለት ነገር ፈልጉበት። አንደኛ፣ ፈረቃው ወደ የት ይዞራል? ከጠዋት ወደ ከሰዓት፣ ከዚያ ወደ ሌሊት የሚዞረው ሰውነትን ያን ያህል አያስጨንቅም፤ ከሌሊት ወደ ከሰዓት ወደ ጠዋት ወደ ኋላ የሚመለሰው ግን ያደክማል። ሁለተኛ፣ በሁለት ፈረቃ መካከል ትንሿ ክፍተት ስንት ሰዓት ናት? የአውሮፓ ኅብረት የ2003 የሥራ ሰዓት መመሪያ መነሻው በየ24 ሰዓቱ 11 ተከታታይ የዕረፍት ሰዓት ነው፤ ለባቡር ሥራ ልዩ ሁኔታ ቢፈቅድም መለኪያነቱ ጥሩ ነው። ማታ 4 ሰዓት የወጣ ሰው ጠዋት 12 ሰዓት ግባ ከተባለ ክፍተቱ 8 ሰዓት ነው፤ መንገዱን፣ እራቱን፣ መታጠቡን ስትቀንሱ የሚተርፈው አምስት ሰዓት እንቅልፍ ነው። በሦስት ሳምንት ውስጥ እንዲህ ያለ ክፍተት ከሁለት ጊዜ በላይ ካያችሁ የደመወዙን ቁጥር እንደገና አስቡበት።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ፣ ምደባ ክፍልን እወደዋለሁ። ድርጅቱ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ከዚህ ወንበር ይታያል። ወደ ትራፊክ ቁጥጥር፣ ወደ ስምሪት ኃላፊነት የሚያስወጣው መሰላልም ብዙ ጊዜ ከዚህ ይጀምራል።

የደመወዝና የሰው ኃይል ክፍል

ቀን ገብቶ ቀን መውጣት፣ ሰንበት ማረፍ። ልጅ ለሚያሳድግ ወይም ማታ ለሚማር ሰው ብዙ ማሰብ አያስፈልገውም። የወር መጨረሻው አምስት ቀን ግን ይጨንቃል፤ የባቡር ደመወዝ እንደ ሌላ መሥሪያ ቤት አይደለምና። ኪሎ ሜትር አለ፣ ሌሊት አለ፣ ከመኖሪያ ውጭ የማደሪያ አበል አለ፣ የዘገየ ባቡር ትርፍ ሰዓት አለ። አንዷን መስመር ብታሳስቱ ነጂው በማግስቱ በራችሁ ላይ ነው፤ ትክክልም ነው። የክፍሉ ስጋት ሥራው በአንድ ማዕከል ሊጠቃለል ወይም ለውጭ ተቋራጭ ሊሰጥ መቻሉ ነው። መዝገብ ቤትን ከሁሉም ጸጥ ያለ ቦታ አድርጋችሁ ያዙት፤ ለእድገት ግን አልመክርም፤ ገብቶ የተረሳ ብዙ ሰው አውቃለሁ።

ደብዳቤው ላይ በትንሽ ፊደል ያሉት

የማዕረግ ወጥመድ አለ። የ1919ኙ ስምምነት የሰዓት ገደቡን በተቆጣጣሪነትና በሥራ አመራር ላይ ባሉ፣ በምስጢር ሥራ በተመደቡ ሰዎች ላይ አይጭንም፤ ብዙ የአገር ሕጎችም ይህን ይከተላሉ። ስለዚህ «ዋና ጸሐፊ» ወይም «ሱፐርቫይዘር» ተብላችሁ አስር በመቶ ሲጨመርላችሁ የትርፍ ሰዓት ክፍያውን እያጣችሁ ሊሆን ይችላል። በወር ስንት ትርፍ ሰዓት ትሠሩ እንደነበር ቁጠሩና አስተያዩ። ሹመቱን ተቀብሎ ገቢው የቀነሰበት ሰው አይቻለሁ፤ የእንኳን ደስ አለህ ግብዣውን የከፈለውም ራሱ ነበር።

ፈራሚው ማን ነው? ያው መስኮት፣ ያው ወንበር ሆኖ አንዱ በባቡር ድርጅቱ፣ ሌላው በሰው ኃይል አቅራቢ ድርጅት ሊቀጠር ይችላል። ልዩነቱ በየወሩ ገንዘብ ላይ ላይጎላ ይችላል። የሚጎላው በኋላ ነው፦ የአገልግሎት ዘመን ይቆጠራል ወይ፣ የውስጥ ማስታወቂያ ሲወጣ መወዳደር ይቻላል ወይ፣ የነጻ ጉዞ ፈቃድ አለ ወይ። የነጻ ጉዞ ነገር ላይ ጥንቁቅ ሁኑ። ለቤተሰብ የሚሆን፣ ከጡረታ በኋላም የማይቋረጥ ከሆነ እውነተኛ ገንዘብ ነው፤ በዓመት ስንት ጊዜ እንደምትሳፈሩ ቆጥራችሁ ዋጋ ስጡት። «ወደፊት ይፈቀዳል» ከሆነ ግን ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ ከሒሳቡ አውጡት።

ጡረታም እንዲሁ በፈራሚው ይለያያል። በአሜሪካ የባቡር ሠራተኞች ከጠቅላላው የማኅበራዊ ዋስትና የተለየ የጡረታ ሥርዓት አላቸው፤ ጸሐፊዎችንም ይጨምራል፣ 30 ዓመት ያገለገለ ሰው በ60 ዓመቱ ሳይቀነስበት ይወጣበታል። አጠገቡ ተቀምጦ ያንኑ ሥራ የሚሠራ የተቋራጭ ሠራተኛ እዚያ ሥርዓት ውስጥ ላይኖር ይችላል። እንዲህ ዓይነት ልዩነት በሰዓት ስሌት ውስጥ አይገባም፤ ከገባ ግን ሁሉንም ይገለብጣል።

ፈቃድን በተመለከተ የ1970 ስምምነት ቁጥር 132 ለአንድ ዓመት አገልግሎት ቢያንስ ሦስት የሥራ ሳምንት ይላል። ቁጥሩን ከመጠየቅ ይልቅ ባለፈው ዓመት የክፍሉ ሰዎች ስንቱን ቀን እንደወሰዱ ጠይቁ። ሁለት ሰው ብቻ ያለው ምደባ ክፍል ውስጥ የተጻፈው ፈቃድና የሚወሰደው ፈቃድ አይገናኙም።

ምርጫው

ሃያዎቹ ውስጥ ያለ፣ ባቡርን የማያውቅ፣ ከሰው ጋር መዋል የማይከብደው ሰው መስኮት ይግባ፤ ርክክቡ በሥራ ሰዓት የሚቆጠር ከሆነ። ሦስት ዓመት ይበቃዋል። ጥንቁቅ እጅ ያለው ሰው ጭነት ይግባ፤ ደመወዙ በጥቂት ቢያንስም ይግባ። ሌሊት የማይከብደውና መሰላሉን መውጣት የሚፈልግ ምደባ ክፍል ይግባ፤ እርከኑን ተከራክሮ። ለሌሊት ሥራ ጤናው የማይፈቅድለት ወይም ቤቱ የሚጠብቀው ሰው ደመወዝ ክፍል ይግባ። ሁለቱ ደብዳቤዎች በሰዓት ስሌት ከተቀራረቡ እኔ ዘወትር ዝውውር የሚፈቅደውን እመርጣለሁ፦ ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ሌላ ክፍል በውስጥ ማስታወቂያ መሄድ የሚቻልበትን።

ፈርማችሁ ለጨረሳችሁት ደግሞ የሙከራ ጊዜው አለላችሁ። አንድ ትንሽ ደብተር ግዙና አራት መስመር አስምሩበት፦ በፕሮግራሙ የመግቢያ ሰዓት፣ በእውነት የገባችሁበት፣ በፕሮግራሙ የመውጫ ሰዓት፣ በእውነት የወጣችሁበት። የገባችሁበትን ሳጥኑን ስትከፍቱ ወይም ስልኩን ስትረከቡ ጻፉ፤ የወጣችሁበትን ደግሞ የርክክብ ፊርማው ሲያልቅ። ለአራት ሳምንት ሳታቋርጡ ሙሉት፤ በቢሮው ኮምፒውተር ላይ ሳይሆን በእጅ፣ ወደ ቤት በምትወስዱት ደብተር ላይ።